መስኪ ማን ናት? ከአንድ የዓሣ ማጥመጃ ወቅት የተገኘ የቤተሰብ ትምህርት

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለውን አባባል የማያውቅ አይኖርም። የልጆቻቸውን ምሥጢር ለማወቅ ሲሉ ኪስና ደብተር የሚበረብሩ ወላጆች ብዙውን ጊዜ የሚገጥማቸው ይኸው ነው። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ዘንዶ ስትጎረጉር ዓሣ ስላወጣች እናት ነው።

እናቲቱ ታናሽ እኅቴ ናት። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ክፍለ ግዛት፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ አካባቢ ትኖራለች። እርሷ ሌሊት ሌሊት በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ትሠራለች፤ ባሏ ደግሞ ቀን የጭነት መኪና ይነዳል። የ14 ዓመት ልጃቸው ከሁለቱም ጋር የሚገናኘው አንዱ ሲገባ ሌላው ሲወጣ በደጃፍ ላይ ነበር ማለት ይቻላል። ልጁ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ነገር ግን ዝም አለ። «ትምህርት እንዴት ነው?» ሲባል «ደኅና» ይላል፤ ከዚያ በሩን ይዘጋል።

ባለፈው ክረምት ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ እኅቴ ወደ ማድ ቤት ጠርታ በሹክሹክታ፣ «ልጄ ሴት ይዟል መሰለኝ» አለችኝ። ምክንያቷን ስጠይቃት ልጁ ከጓደኛው ጋር በስልክ ሲነጋገር ሰምታዋለች። ነገሩን እንዳለ ብነግራችሁ፣ «መስኪ እስከ አጠገቤ ድረስ ተከትላኝ መጣች፤ አየችኝና ዞር ብላ ሄደች። ነገ ማለዳ ተመልሼ እሄዳለሁ» ነበር ያለው። መስኪ ደግሞ በእኛ አገር የመስከረም ቁልምጫ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኅቴ በሐሳቧ የሀበሻ ልጅ አግኝታ፣ ወላጆቿ እነማን እንደሆኑ እስከ ማጠያየቅ ደርሳ ነበር።

በመጨረሻ ልጁን ፊት ለፊት ጠየቀችው። ልጁም ለመጀመሪያ ጊዜ ከብዙ ወራት በኋላ ከት ብሎ ሳቀ። መስኪ ዓሣ ናት።

የአሥር ሺህ ውርወራ ዓሣ

ሙሉ ስሟ መስከለንጅ ሲሆን፣ ስሙ የተወሰደው የአካባቢው ነባር ነዋሪ ከሆነው ከኦጂብዌ ሕዝብ ቋንቋ ነው። የምትገኘው በሰሜን አሜሪካ፣ በታላላቆቹ ሐይቆችና በአካባቢያቸው ባሉት ወንዞችና ሐይቆች ነው። የሚኒሶታ ጎረቤት የሆነችው ዊስኮንሲን በ1955 የክፍለ ግዛቷ መለያ ዓሣ አድርጋታለች። እኛ እንደምናውቃቸው እንደ ቀረሶና እንደ አምባዛ ያለች አይደለችም። ሰውነቷ እንደ ዘንግ የረዘመ፣ አፏ እንደ አዞ አፍ ወደ ፊት የወጣ፣ ጥርሷ ክር የሚበጥስ አዳኝ ናት። ከአንድ ሜትር በላይ ትረዝማለች። በውሃ ሣር መካከል ሳትንቀሳቀስ ትቆይና ሌላው ዓሣ ሲያልፍ እንደ ቀስት ትወረወራለች።

አጥማጆች «የአሥር ሺህ ውርወራ ዓሣ» ይሏታል። አንዷን ለመያዝ መንጠቆ አሥር ሺህ ጊዜ መወርወር ያስፈልጋል ለማለት ነው። ቁጥሩ የተጋነነ ይሁን እንጂ ነገሩ ሐሰት አይደለም። እኛ በዚያ ወቅት ሃያ ሦስት ጊዜ ወደ ሐይቅ ወርደን የያዝነው አንዷን ብቻ ነው። ያቺንም ቢሆን ወደ ቤት ይዘናት አልመጣንም። «ታዲያ ምን ተረፋችሁ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ጥያቄ ነው።

ጎን ለጎን መቆም

ልጁን ዓሣ ማጥመድ ያስተማሩት ጡረታ የወጡ ጎረቤት ናቸው። ትንሽ ጀልባ አላቸው። እኅቴ ግን፣ «የማላውቀው ሰው ልጄን ይዞ ውሃ ላይ አይወጣም፤ እኔም እሄዳለሁ» አለች። መልካም አደረገች። ሽማግሌውም ቅር አልተሰኙም፤ እንዲያውም እኔንም ጨመሩኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ጋሼ» ብለን ጠራናቸው፤ ስሙን ወደዱት።

የሄድንበት ሐይቅ ከሚኒያፖሊስ በስተምዕራብ የሚገኘው ሚኒቶንካ ነው። በሚኒሶታ የመስኪ ማጥመጃ ወቅት የሚከፈተው በሰኔ መጀመሪያ አካባቢ ነው። እስከዚያ መዘጋቱ፣ ዓሣዋ በጸደይ ወራት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ እንቁላሏን ስለምትጥል ነው። ወቅቱ በእኛ የክረምት ዝናብ፣ በእነርሱ ደግሞ የበጋ ሙቀት መሆኑ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ስናስታውስ እስከ ዛሬ እንስቃለን። የመስኪ ማባበያ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ሐሰተኛ ዓሣ ሲሆን፣ ክንድ የሚያዝል ክብደት አለው። መወርወር፣ ክሩን እየጠነጠኑ መሳብ፣ እንደገና መወርወር ነው። በአንድ ማለዳ ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ ወርውረን ምንም ሳናይ ተመለስን። እኅቴ፣ «የሌሊት ሥራዬ ከዚህ ይሻላል» አለች።

ሆኖም በስድስተኛው ይሁን በሰባተኛው ጉዟችን አንድ ነገር ሆነ። ነፋስ ጸጥ ያለበት ማምሻ ነበር። ልጁ ጀርባውን ሰጥቶን ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ ቆሞ እየወረወረ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «እማዬ፣ በትምህርት ቤት ምሳዬን የምበላው ብቻዬን ነው» አለ። አንድያ ጓደኛው ወደ ሌላ ከተማ ከሄደ ስምንት ወር ሆኖት ኖሯል። ስምንት ወር ሙሉ «ደኅና» ያለው ይህንን ደብቆ ነው። እኅቴ አልጮኸችም፤ ወደ እርሱም አልዞረችም። መንጠቆዋን ወረወረችና፣ «ከዚያስ?» አለችው። እርሱም ቀጠለ።

ውድ እናቶችና አባቶች፤ ልጅን ከፊት አስቀምጠን ዓይን ዓይኑን እያየን ስንጠይቀው ፍርድ ቤት የቆመ ይመስለዋል። ጎን ለጎን ቆመን እጃችን ሥራ ሲይዝ ግን የማይወጣው ቃል ይወጣል። ለዚህ ሐይቅም ጀልባም አያስፈልግም። ሽንብራ መልቀም፣ ልብስ ማጠብ፣ ከገበያ ዕቃ ተሸክሞ መመለስ፣ ይህ ሁሉ ጀልባ ነው። አስፈላጊው ነገር ጊዜውን አለማሳጠር ነው።

እስከ ጀልባው ጥግ

መስኪ ከሌሎች ዓሣዎች የምትለይበት አንድ ጠባይ አላት። መንጠቆውን አይታ ወዲያው አትነክስም፤ ከኋላው ቀስ ብላ ትከተላለች። እስከ ጀልባው ጥግ ድረስ ትመጣለች፤ አንድ ክንድ ያህል ሲቀራት ቆማ ትመለከታለች። ጀማሪ አጥማጅ ይህን ጊዜ ክሩ አልቋል ብሎ መንጠቆውን ከውሃ ያወጣል፤ እርሷም ወደ ጥልቁ ትሰወራለች።

ጋሼ ያስተማሩን፣ ዓሣ ታየም አልታየም፣ በእያንዳንዱ ውርወራ መጨረሻ ላይ የዘንጉን ጫፍ ውሃ ውስጥ አስገብቶ በሰፊው የ8 ቁጥር ቅርጽ መሥራትን ነው። ብዙ መስኪ የምትያዘው በዚህ በመጨረሻው ዙር ነው። አሰልቺ ነው፤ መቶ ጊዜ ሠርታችሁ መቶ ጊዜ ምንም አይመጣም። የምትመጣው ግን መቼ እንደሆነ አይታወቅም።

ስሕተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። በሐምሌ አጋማሽ አንድ ማለዳ ደክሞኝ፣ ቡናዬንም አስቤ፣ ስምንቱን ሳልሠራ መንጠቆውን ብድግ አደረግሁ። ከሥሩ አንድ ረጅም አረንጓዴ ጀርባ ብልጭ አለ፤ አፉ ባዶ ውሃ ገመጠ። እኔም እሪ ብዬ ወደ ኋላዬ ወደቅሁ። ልጁ ሳቀ፤ ጋሼ ግን ኮፍያቸውን አውልቀው ውሃውን እያዩ ዝም አሉ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ የእኛ አባቶች፤ እኔ ግን የምለቅመውም አልነበረኝ።

ከዚያ በኋላ ደጋግሜ ያሰብሁት ስለ ዓሣዋ ብቻ አይደለም። በቤታችን ውስጥ ስንቱን ነገር ልክ ሊሆን ሲል እንተወዋለን! ልጅ ሊናገር አፉን ሲከፍት ስልክ እናነሣለን። ባልና ሚስት ተጣልተው ሊታረቁ አንድ ቃል ሲቀር አንዱ በር ዘግቶ ይወጣል። ከኋላችን ዝም ብሎ የሚከተለንን ስለማናየው የለም እንላለን።

የማይወጣበት ቀን

በሐምሌ መጨረሻ ኃይለኛ ሙቀት ሆነ። ልጁ ማለዳ ተነሥቶ ዘንጎቹን አዘጋጅቶ ሲጠብቅ ጋሼ ቴርሞሜትራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው አዩና፣ «ዛሬ አንሄድም» አሉ። የውሃው ሙቀት 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር። የሞቀ ውሃ በውስጡ የሚይዘው ኦክስጅን አነስተኛ ነው። በዚህ ላይ መስኪ ስትያዝ በመታገል ኃይሏን ስለምትጨርስ፣ ተለቅቃ ስትዋኝ ብትታይም ቆይታ ትሞታለች። ስለዚህ ጠንቃቃ አጥማጆች ውሃው እዚህ ሲደርስ ማጥመዱን ያቆማሉ። ሕግ አስገድዷቸው አይደለም።

አሥራ ሁለት ቀን ተቀመጥን። ልጁ በመጀመሪያ አኮረፈ፤ በኋላ ግን ሐይቁ ድረስ እየሄደ ሙቀቱን ለክቶ በደብተሩ ላይ መጻፍ ጀመረ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ የት ቦታ ዓሣ እንደታየ ይጽፋል። እኅቴ ቀድሞ ልትበረብረው የፈለገችውን ደብተር አሁን እርሱ ራሱ ገልጦ ያነብላት ነበር።

ከመንጠቆው በፊት የሚዘጋጅ

ልጆችን ይዛችሁ ወደ ውሃ የምትሄዱ፣ እዚያ አገርም ሆነ እዚህ፣ የሚከተሉትን ልብ በሉ። ሕይወት አድን ሰደርያ ሳይለብስ ማንም ጀልባ ላይ አይውጣ። በሚኒሶታ ሕግ ዕድሜው ከ10 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ጀልባ ሲንቀሳቀስ ይህን መልበስ ግዴታው ነው፤ እኛ ግን አዋቂዎቹም ለብሰናል። የመስኪ መንጠቆ ሦስት ጫፍ ያለው ትልቅ መንጠቆ ስለሆነ፣ ወርዋሪው ከመወርወሩ በፊት ከኋላው ማን እንዳለ ይመልከት። ረጅም ፒንሳና ወፍራም ሽቦ የሚቆርጥ መቁረጫ ከእጅ አይራቅ፤ ለዓሣም ለሰው ጣትም ያስፈልጋልና። በጥርሷ ክሩን በጥሳ መንጠቆውን ይዛ እንዳትሄድ በክሩ ጫፍ ላይ ጠንካራ የሽቦ ማያያዣ ይደረጋል። በሚኒሶታ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ነዋሪ ፈቃድ ማውጣት አይጠበቅበትም፤ እኅቴና እኔ ግን የየራሳችንን አውጥተናል።

እናቲቱ ዓሣ

መስከረም ጠባ። ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማምሻውን ሐይቁ ላይ ነበርን። እኅቴ ወረወረች፤ ጠነጠነች፤ መጨረሻ ላይ ስምንቷን ሠራች። ሁለተኛውን ዙር ስታዞር ውሃው ፈነዳ። ዘንጉ እንደ ቀስት ጎበጠ። ልጁ «እማዬ፣ አትፍቺ! እንዳትፈቺ!» እያለ ሲጮኽ በአማርኛ ነበር፤ ይህን ያስተዋልነው በኋላ ነው። ጋሼ ሰፊውን መረብ ከሥሯ አስገቡ።

ዓሣዋ ከመረቡ ሳትወጣ፣ ውሃ ውስጥ እንዳለች መንጠቆው ወለቀ። ቁመቷ ሲለካ 130 ሴንቲ ሜትር ሆነ። በሚኒሶታ አብዛኞቹ ሐይቆች ከ54 ኢንች፣ ማለትም ከ137 ሴንቲ ሜትር ያነሰችውን መስኪ ማስቀረት ክልክል ነው። ስለዚህ መለቀቅ ነበረባት። እኅቴ ግን ለአፍታ ፊቷ ጠቆረ። ሃያ ሦስት ጊዜ ወርዳ፣ ሌሊት ሠርታ ሳትተኛ መጥታ፣ ለበዓሉ ዱለት እሠራለሁ ብላ ለጎረቤት ሁሉ ተናግራ ነበር።

ልጁም በዚህ ጊዜ፣ «እማዬ፣ ይህቺ እኮ ሴት ናት፤ እናት ናት» አላት። እውነቱን ነው። ወንዱ መስኪ ይህን ያህል የሚያድገው ከስንት አንድ ነው፤ ትላልቆቹ ሁሉ ሴቶች ናቸው ማለት ይቻላል። ሴቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቁላል ለመጣል ብዙ ዓመት ይፈጅባታል፤ ይህን ቁመት ለማግኘት ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ ያስፈልጋታል። ትልቋ ዓሣ በአንድ ጊዜ የምትይዘው እንቁላል ከ100 ሺህ ሊበልጥ ይችላል፤ ከዚያ ሁሉ አድገው ለወግ የሚበቁት ግን እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ አንዲት አሮጊት እናት ስትወጣ ሐይቁ የሚያጣው አንድ ዓሣ ብቻ አይደለም።

ሰዎች ይህን የተረዱት ዘግይተው ነው። በ1955 ሐምሌ ወር በዚያው በሚኒሶታ፣ ሊች በተባለው ሐይቅ መስኪዎች በብዛት ተያዙ፤ አጥማጆችም ሬሳቸውን ደርድረው ፎቶግራፍ ተነሡ። በዚያ ዘመን ዓሣዋን ወደ ጀልባ ከማስገባታቸው በፊት በሽጉጥ የሚመቱም ነበሩ። በ1966 ግን በዚሁ ክፍለ ግዛት መስኪስ ኢንኮርፖሬትድ የተባለ የአጥማጆች ማኅበር ተቋቋመ፤ ይዞ መልቀቅንም ልማድ ለማድረግ ብዙ ደከመ። ዛሬ አብዛኛው የመስኪ አጥማጅ የያዛትን መልሶ ይለቃል። የቀድሞው ጀብዱ መግደል ነበር፤ የአሁኑ በሕይወት መመለስ ሆኗል።

እኅቴ እጇን በውሃ አርሳ አንድ እጇን ከሆዷ ሥር፣ ሌላውን ከጅራቷ አጠገብ አድርጋ ውሃ ውስጥ ቀጥ አድርጋ ያዘቻት። መስኪ በጉንጯ እስክትተነፍስ፣ ኃይሏ እስኪመለስ መጠበቅ ያስፈልጋል። ቶሎ የለቀቋት እንደሆነ ትገለበጣለች፤ አጥብቀው ያቆዩዋት እንደሆነም ትጎዳለች። ጥቂት ቆይታ ጅራቷን አወዛወዘች። እኅቴ «ሂጂ በይ» አለችና እጇን ከፈተች።

ዓሣን መብላት በብልሃት

ቤት ስንደርስ የባሏ እኅት፣ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች የሰባት ወር ነፍሰ ጡር፣ «ዓሣ ለጽንሱ ጥሩ ነው ብላችሁኝ ባዶ እጃችሁን መጣችሁ?» ብላ ቀለደች። ይህ ጉዳይ የሚያሠጋ ስለሆነ አንባቢያን እንድታውቁት እፈልጋለሁ።

ሜርኩሪ የተባለው መርዛማ ብረት ከድንጋይ ከሰል ጭስና ከመሳሰለው ወደ አየር ወጥቶ ሐይቅ ላይ ይወርዳል። በውሃው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ይለውጡትና ወደ ትንንሾቹ ፍጥረታት ይገባል፤ ትልቁ ዓሣ ትንሹን እየበላ ሲያድግ መርዙም በሥጋው ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። በመታጠብ፣ በመጥበስ ወይም ጮማውን በማንሣት አይወጣም። በጽንስና በሕፃን አንጎል ዕድገት ላይ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ የዊስኮንሲን የጤና ምክር፣ በመውለድ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶችና ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች መስኪን ፈጽሞ እንዳይበሉ የሚል ነው። ዓሣ መብላት ግን ይቅር ማለት አይደለም። ትንንሾቹንና ሌላ ዓሣ የማያድኑትን መርጦ መብላት ይጠቅማል። እንግዲህ የበዓሉ ዱለት በበግ ተሠራ፤ ነፍሰ ጡሯም በሌላ ቀን ልጁ ያጠመዳቸውን የመዳፍ ያህል የሆኑ ዓሣዎች በላች።

እዚህስ?

ወደ አገሬ ስመለስ ያሰብሁት ስለ ጣና ነው። በጣና የሚገኙት ነጭ ዓሣዎች ብዙዎቹ በክረምት ወራት እንደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወዳሉት ወንዞች ሽቅብ እየዋኙ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። በዚያን ጊዜ በወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ያለ ድካም ብዙ ይይዛል፤ የያዘው ግን የሚቀጥሉትን ዓመታት ዓሣ ከነሆዱ ነው። ቁጥራቸው እጅግ ማነሱን የሐይቁ ተመራማሪዎች ከመሰከሩ ቆይቷል። አጥማጁ ቤተሰቡን ለማብላት እንጂ ለጨዋታ አይደለም የሚያጠምደው፤ ስለዚህ ከሚኒሶታው ጋር እኩል አይመዘንም። ቢሆንም ገበያ ላይ በክረምት ሆዷ በእንቁላል የተነፋ ነጭ ዓሣ ስታዩ፣ የምትገዙት ምን እንደሆነ አስቡ።

እኅቴ በቅርቡ ደውላልኝ ነበር። ሐይቁ በረዶ ሆኗል፤ ጀልባዋም ሸራ ለብሳለች። ልጁ ከጋሼ ቤት ቁጭ ብሎ የመንጠቆ ጫፍ ሲሞርድ ያመሻል፤ አንድ የክፍል ጓደኛውንም ይዞ መሄድ ጀምሯል። «አሁንም ብዙ አይናገርም» አለችኝ። «ግን እኔ አሁን መንጠቆውን ቶሎ አላወጣም።»